ባለ ብዙ ክፈፍ የጠረጴዛ ሽመና ዕቃ፦ ከውጭ የመጣ ተገጣጣሚ፣ የጅማ አናጢ ሥራ ወይስ ድብልቅ?

ጉድጓድ ሳይቆፍር፣ መርገጫ ሳይተክል፣ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ስካርፍ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የጠረጴዛ ልብስ ወይም የጥለት ናሙና መሸመን የሚፈልግ የጅማ ሰው ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው በካርቶን ታሽጎ ከውጭ የሚመጣ ተገጣጣሚ መግዛት ነው። ሁለተኛው ሰፈር ላለ አናጢ ማሠራት ነው። ሦስተኛው እንጨቱን እዚሁ አሠርቶ፣ የልኬት ስሕተት የማይችሉትን ጥቂት ክፍሎች ብቻ ከውጭ ማስመጣት ነው። በዚህ ላይ ባለ 4 ክፈፍ ይሁን ባለ 8 ወይስ ባለ 16 የሚለው ሲጨመር ነገሩ ይወሳሰባል። ብዙ ሰው ምርጫውን ከክፈፍ ብዛት ይጀምራል፤ መጀመር ያለበት ግን ከሚሸመነው ጨርቅና ከጅማ አየር ነው።

ስለ ስያሜው ጥቂት እንበል። ክፈፍ የምንለው ድሩን በየተራ የሚያነሳውን፣ በሥልጠና ላይ ሻፍት የሚባለውን ፍሬም ነው። ሄድል እያንዳንዱ የድር ክር በዓይኑ የሚያልፍበት ገመድ ወይም ሽቦ ነው። ማበጠሪያ ያልነው ድሩን እኩል የሚከፋፍለውን ባለ ጥርስ ክፍል፣ ሪድ የሚሉትን ነው። መጠቅለያዎቹ ሁለት ናቸው፤ የኋላው የድር፣ የፊተኛው የጨርቅ። መምቻ ማበጠሪያውን ይዞ ማጉን ወደ ጨርቁ የሚመታው ክፍል ነው፤ ማንሻ ደግሞ ክፈፉን ለማንሳት በእጅ የሚወርደው ነው።

መለኪያዎቹ

*ምን ልትሸምኑ ነው?* ባለ 4 ክፈፍ ዕቃ ድሩን በ14 ዓይነት አነሳስ ሊከፍት ይችላል። ባለ 8 በ254፣ ባለ 16 ደግሞ በ65,534። ቁጥሩ ያጓጓል። ነገር ግን ተራ ሸማ፣ ሰያፍ መስመር የሚያወጣው ትዊል፣ የዓሣ አጥንት፣ የአልማዝ ቅርጽ፣ ሁለት ንብርብር ሆኖ የሚሸመን ድርብ ጨርቅ፣ ሁሉም በ4 ክፈፍ ይሠራሉ። 8 የሚያስፈልገው በአንድ ጨርቅ ላይ ቦታ እየተለዋወጡ የሚሄዱ ሁለት ዓይነት ሽመናዎች ሲፈለጉ፣ ድርብ ጨርቅ ላይ ሁለት ቀለም ዳማ ሲወጣ፣ ወይም እንደ ሳቲን የለሰለሰ ፊት ሲፈለግ ነው።

የነጠላና የቀሚስ ጥበብ ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት። ጥበብ የሚወጣው የድሩ ክር በጣት እየተለቀመ ተጨማሪ ማግ ሲገባበት ስለሆነ፣ የክፈፍ ብዛት የሸማኔውን ጣት አይተካም። ጥበብ ለመሥራት ብሎ ባለ 8 የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያለቦታው እያወጣ ነው። በባለ 4 ዕቃ ላይ በጣት መልቀም ይቻላል፤ ይበቃልም።

ሌላም አለ። የባህሉ ዕቃ ድሩን በእግር ስለሚከፍት እጅ ለመወርወሪያው ነፃ ነው። የጠረጴዛው ግን ሁሉንም ሥራ በእጅ ላይ ይጥላል። ባለ 4 ላይ ድሩ ከ1 እስከ 4 በተራ ከገባ፣ ተራ ሸማ ለመሸመን ለአንድ ማግ ሁለት ማንሻ ይወርዳል፣ ሁለት ይነሳል። ባለ 8 ላይ በተራ ከገባ አራት ይወርዳል፣ አራት ይነሳል። ያው ጨርቅ ሁለት እጥፍ የእጅ እንቅስቃሴ ፈለገ ማለት ነው። ጋቢና ነጠላ በብዛት ሸምኖ ገበያ ማውጣት ለሚፈልግ ሰው ይህ ዕቃ በየትኛውም ዓይነቱ አይመችም፤ ስፋቱም አይበቃም።

*ስፋት።* የተለመዱት 40፣ 60 እና 80 ሴ.ሜ. ናቸው። ጨርቅ ሲሸመን ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ሲታጠብም ይኮማተራል፤ ከ40 ሴ.ሜ. ድር 35 ሴ.ሜ. አካባቢ ጨርቅ ጠብቁ። ከ60 በላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ ይከብዳል፤ መወርወሪያውንም ከዳር እስከ ዳር በእጅ ማድረስ ያደክማል።

*ውጥረት።* ሻጭ የማይናገረው፣ ገዢም የማይጠይቀው ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ድሩ ተወጥሮ የሚቆየው መጠቅለያው ጫፍ ላይ ባለው ጥርሳማ ጎማና ጥርሱን በሚይዘው መቆለፊያ ምላስ ነው። ስለዚህ የጥርሱን ብዛት ቁጠሩ። መጠቅለያው 4 ሴ.ሜ. ወርድ ያለው ክብ ቢሆን ዙሪያው 12.6 ሴ.ሜ. ያህል ነው። ጎማው 12 ጥርስ ካለው አንድ ጥርስ ባለፈ ቁጥር ድሩ ከ1 ሴ.ሜ. በላይ ይጎተታል። 24 ጥርስ ካለው ግማሽ ሴ.ሜ. ብቻ። ሱፍ ስለሚለጠጥ ይችለዋል። ጥጥ አይለጠጥም፤ በ12 ጥርስ አንዱ ላይ ሲቆም ድሩ ይላላል፣ ቀጣዩ ላይ ሲቆም ከልክ በላይ ይወጠርና ዳርና ዳር ያለው ክር ይበጠሳል። እዚህ አገር የሚሸመነው በአብዛኛው ጥጥ ስለሆነ ከ20 ጥርስ በታች ያለውን አትቀበሉ።

የጎማው ቁስም ይታይ። 40 ሴ.ሜ. ስፋት ላይ በሴንቲሜትር 8 ክር ቢሆን 320 ክር ነው። በእያንዳንዱ ላይ 50 ግራም ብቻ ቢያርፍ 16 ኪሎ ሌት ተቀን ጥርሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ስስ ፕላስቲክ ይህን ለጥቂት ወር ይችላል፤ ከዚያ ጥርሱ ይበላል።

*እርጥበት።* ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች፣ በዓመት 1,500 ሚ.ሜ. ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። እንጨት በርዝመቱ ብዙ አይለወጥም፤ በስፋቱ ግን ያብጣል፣ ይሰበሰባል። 7 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው ጣውላ ከጥር እስከ ሐምሌ ባለው የአየር ለውጥ ብቻ ግማሽ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊለዋወጥ ይችላል። ለወንበር ይህ ምንም አይደለም። ክፈፎቹ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱበት ቦይ ላይ ግን ሐምሌ ላይ ክፈፉ ተጣብቆ ይቀራል፣ ወይም ተነስቶ አይወርድም። በጥር በጠባብ ልክ የተሠራ ዕቃ ሐምሌ ላይ ይጨናነቃል፤ በሐምሌ የተሠራው ደግሞ ጥር ላይ ይላላል፣ ቡሎኖቹም ይንኳኳሉ። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ክፈፍ በቦዩ ውስጥ 2 ሚ.ሜ. ያህል ክፍተት መተውና በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ሲገባና ሲወጣ፣ ዳዶዎቹን ማየት ነው።

እርጥበት የሚጎዳው እንጨት ብቻ አይደለም። ማበጠሪያው ተራ ብረት ከሆነ ይዝጋል፤ ዝገቱም ነጭ ድር ላይ ቡናማ መስመር ይጥላል፣ በአጠባም አይለቅም። የማይዝግ ብረት መሆኑን በማግኔት ብቻ አታረጋግጡ፤ የማይዝግ ሆኖ ማግኔት የሚስበው ዓይነትም አለና። የማንሻ ገመዱም ይታይ፤ ናይሎን ውሃ ይስባል፣ ይለጠጣልም፣ የተጎነጎነ ፖሊስተር ግን ልኩን ይጠብቃል።

ከውጭ የሚመጣ ተገጣጣሚ

ጥሩ ጎኑ ልኩ ነው። ቀዳዳዎቹ በማሽን ስለተበሱ ቡሎኑ ሳይገፋ ይገባል፤ ክፈፎቹ እኩል ናቸው፤ የፖሊስተር ሄድሎቹ ዓይን አንድ መስመር ላይ ይውላል። ካቻቢቴ፣ የዳዶ ቁልፍና የእንጨት መዶሻ ያለው ሰው ባለ 4ቱን በአንድ ቀን፣ ባለ 8ቱን በሁለት ቀን ይገጥማል። የባለ 8ቱ ጊዜ የሚያልቀው በእንጨቱ ሳይሆን በገመዶቹ ነው፤ ብዛታቸው እጥፍ ሲሆን፣ የሁሉም ርዝመት እስኪስተካከል እየፈቱ ማሰር የግድ ነው።

ደካማ ጎኑ እንጨቱ ደረቅ አየር ውስጥ ተሠርቶ፣ ብዙ ጊዜም ያልተቀባ ጥሬ ሆኖ መምጣቱ ነው። ካርቶኑን ከፍቶ በዚያው ቀን መግጠም የተለመደ ስሕተት ነው። ክፍሎቹን በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አየር በመካከላቸው እንዲያልፍ አድርጋችሁ ደርድሩ። ከዚያ ሳይገጠም በፊት ሁሉንም ገጽ፣ በተለይ የተቆረጠውን ጫፍ፣ ቫርኒሽ ወይም ሰም ቀቡ። ውሃ አብዝቶ የሚገባው በጫፉ ነው።

ዋጋው በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ስለሆነ፣ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባለፈው ወር የሰማችሁት ዋጋ ለዛሬ አይሆንም። በዕቃው ዋጋ ላይ ማጓጓዣውን፣ ቀረጡንና ከአዲስ አበባ በወልቂጤና በግቤ በኩል 350 ኪ.ሜ. ያህል የሚያመጣውን መኪና ጨምራችሁ አስሉ። መለዋወጫም በዚያው መንገድ ነው የሚመጣው። አንድ መቆለፊያ ምላስ ቢሰበር ሥራው ለሳምንታት ይቆማል። ስለዚህ ዕቃውን ስታዝዙ አብራችሁ ሁለት ተጨማሪ መቆለፊያ ምላስ፣ 10 ሜትር የፖሊስተር ገመድና 100 ሄድል አዝዙ።

የጅማ አናጢ ሥራ

ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀች ናት፤ የጅማ በርጩማና ከአባ ጅፋር ዘመን የቀሩት የተፈለፈሉ ወንበሮች ምስክር ናቸው። የእጅ ችሎታ አይጠፋም ማለት ነው። ግን ልዩነቱን ማወቅ ያሻል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ቢጎድል እንኳ ሳይነቃነቅ ይቀመጣል፤ ሦስት ነጥብ ምንጊዜም መሬት ይነካልና። አራት ማዕዘን የሆነ የሽመና ዕቃ 3 ሚሊሜትር ከተጣመመ ግን ክፈፎቹ በአንድ ጎን ይይዛሉ፣ መምቻውም ጨርቁን በሰያፍ ይመታል። አናጢውን በወንበሩ ውበት ሳይሆን በመሳቢያ ሥራው መዝኑት። ሳይገፋ የሚገባና የማይንገዳገድ መሳቢያ የሚሠራ ሰው የክፈፍ ቦይም ይሠራል።

እንጨት ዋንዛ ቢሆን ይመረጣል፤ ቡና በጥላው ሥር የሚያድግበት ይኸው ዛፍ ለሥራ የዋህ ነው፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይጣመምም። የአገር በቀል ዛፍ ስለሆነ ከሕጋዊ ሻጭ በደረሰኝ ግዙ። ግራቪሊያ በደንብ ከደረቀ ለጎንና ለእግር ይሆናል። ባሕር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም፤ ለክፈፍ ፈጽሞ አይሁን። ኤምዲኤፍና ችፑድ ክረምቱን አይወጡትም።

ድርቀቱን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ከጣውላው አንድ ቁራጭ ቁረጡና በግራም በሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፤ ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ከምድጃው ብዙም በማይርቅ ቦታ አቆይታችሁ እንደገና መዝኑት። ክብደቱ በደንብ ከቀነሰ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው። እንደ ልማዱ ጥላ ሥር የሚደርቅ ጣውላ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴ.ሜ. ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል።

የአናጢ ሥራ የሚሰናከለው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ጥርሳማው ጎማ ነው። ብዙ ጊዜ የብስክሌት ጥርስ ይገጠማል፤ የብስክሌት ጥርስ ግን በሁለቱም ጎኑ እኩል ስለተሾጠጠ ምላሱ ከውጥረቱ ብዛት ሊያመልጥ ይችላል። ቶርኖ ቤት ከ5 ወይም 6 ሚ.ሜ. ላሜራ በአንድ ጎኑ ቀጥ፣ በሌላው ጋደል ያለ ባለ 24 ጥርስ ማስቆረጥ ይሻላል። ሁለተኛው ማበጠሪያው ነው፤ ከሸምበቆ የተሠራው ለተራ ሸማ ያገለግላል፣ ነገር ግን ጥርሱ እኩል ካልሆነ ትዊል ላይ መስመር መስመር ያወጣል።

ሦስተኛው ሄድል ነው። በእጅ የሚታሰር ሄድል በጣውላ ላይ በተመቱ አራት ሚስማሮች ልክ ይቋጠራል፤ ከላይ 10 ሴ.ሜ.፣ ዓይኑ 1 ሴ.ሜ.፣ ከታች 10 ሴ.ሜ.። ለአንዱ አራት ቋጠሮ ቢሆን ለ320 ክር 1,280 ቋጠሮ ነው። ሚስማሩ በመካከል ቢጋደል የኋለኞቹ ዓይኖች 2 ሚ.ሜ. ዝቅ ይላሉ፤ እነዚያ ክሮች ድሩ አፉን ሲከፍት አጋማሽ ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፣ መወርወሪያውም በላያቸው ያልፋል። ጨርቁ ላይ በየቦታው የሚታየው የዘለለ ክር ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ስለዚህ በየ40 ሄድሉ ሚስማሮቹን በሜትር ለኩ።

ባለ 8 በአናጢ ማሠራትን አንመክርም። ስምንት ክፈፍ ሲደረደር የኋለኛው ከመምቻው ይርቃል፤ እኩል አፍ እንዲከፈት ከፊተኛው ይበልጥ ከፍ ማለት አለበት፣ ዕቃውም ወደ ኋላ መርዘም አለበት። የባለ 4 ንድፍ ይዞ አራት ክፈፍ ብቻ የጨመረ አናጢ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፈፍ ላይ የማይከፈት ድር ያስረክባል።

ድብልቁ

ጎኖቹ፣ እግሮቹ፣ መጠቅለያዎቹና ክፈፎቹ ከዋንዛ በጅማ ይሠራሉ። ከውጭ ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ በ10 ሴ.ሜ. 40 ጥርስ ያለው የማይዝግ ማበጠሪያ፣ 350 ያህል የፖሊስተር ሄድል፣ የማንሻ ገመድ። ጥርሳማው ጎማ ከቶርኖ ቤት ይመጣል። ይህ ማበጠሪያ በአንድ ጥርስ ሁለት ክር ሲገባበት በሴ.ሜ. 8 ክር ይሰጣል፤ 40 ሴ.ሜ. ላይ 320 ክር፣ ለእያንዳንዱ ክፈፍ 80 ሄድል። የተረፈው 30 ለሚበላሽ ነው።

ክፍሎቹ ቀላልና ትንሽ ስለሆኑ ማስመጣቱ አያስቸግርም። እንጨቱ ደግሞ በሚኖርበት አየር ውስጥ ደርቆ የተሠራ ነው፤ ሲያብጥም ሲሰበሰብም የሠራው አናጢ ሰፈር ውስጥ አለ። አንድ ጥብቅ ቅደም ተከተል ግን አለው፦ ሄድሉና ማበጠሪያው እጃችሁ ሳይገባ ክፈፉና መምቻው አይቆረጥ። በወረቀት ላይ ባለ ልክ ተማምኖ የተሠራ መምቻ ማበጠሪያው ሲመጣ 5 ሚ.ሜ. አጥሮ ተገኝቶ እንደገና የሚፈርስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለጅማ ሰው በአብዛኛው የምንመክረው ይህን መንገድ ነው።

| መለኪያ | ተገጣጣሚ ባለ 4 | ተገጣጣሚ ባለ 8 | አናጢ ባለ 4 | ድብልቅ ባለ 4 |
|---|---|---|---|---|
| ወጪ | ከፍተኛ | ከሁሉ ከፍተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| የልኬት ትክክለኛነት | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | በአናጢው ይወሰናል | ጥሩ |
| የክረምት ጠባይ | ቀድሞ ከተቀባ ጥሩ | ቀድሞ ከተቀባ ጥሩ | እንጨቱ ደረቅ ከሆነ ጥሩ | ጥሩ |
| ለጥጥ ውጥረት | ጥርሱን ቆጥሮ መግዛት | ጥርሱን ቆጥሮ መግዛት | ቶርኖ ቤት ካስቆረጡ ጥሩ | ጥሩ |
| መለዋወጫ | ከውጭ | ከውጭ | ጅማ | በአብዛኛው ጅማ |
| ተራ ሸማ ላይ ፍጥነት | መካከለኛ | ቀርፋፋ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| የጥለት ዓይነት | 14 አነሳስ | 254 አነሳስ | 14 አነሳስ | 14 አነሳስ |

ለማን የትኛው?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሸምንና ኪሱ ያልፈቀደለት ሰው ባለ 4 የአናጢ ሥራ በ40 ሴ.ሜ. ያሠራ፤ ገንዘብ ሲተርፍ መጀመሪያ ማበጠሪያውን ይለውጥ፣ ቀጥሎ ሄድሉን። ስካርፍና የትራስ ጨርቅ ሠርቶ መሸጥ ያሰበ ድብልቁን በ60 ሴ.ሜ. ይያዝ። መጠቅለያው ግን 5 ሴ.ሜ. ወርድ ይሁን፤ ከዚያ የቀጠነ በ60 ሴ.ሜ. ርዝመት መካከሉ ይጎብጥና የጨርቁ መሐል ይላላል። ለሥልጠና የሚገዛ ተቋም አንድ ተገጣጣሚ ባለ 8 ለጥለት ማሳያ፣ ሌሎቹን ድብልቅ ባለ 4 ቢያደርግ በአንድ ባለ 8 ዋጋ ብዙ ሠልጣኝ እጁን ያፍታታል። ባለ 16 የጥለት ንድፍ ሙያዬ ብሎ ለያዘ ሰው ብቻ ነው። ያገለገለ ዕቃ ካገኛችሁ ክፈፎቹን አውጥታችሁ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኟቸው፤ ማዕዘኑ ከመስታወቱ የሚነሳ ክፈፍ ካለ ተውት።

አገጣጠሙ

በየትኛውም መንገድ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ጎኖቹንና ማገናኛዎቹን በእጅ ብቻ አጥብቁ፤ ቁልፍ አታስገቡ። በውሃ ልክ የተረጋገጠ ወለል ላይ አቁሙና ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ለኩ። ሁለቱ ልኮች ከ2 ሚ.ሜ. በላይ ከተለያዩ ገፋ አድርጋችሁ አስተካክሉ፤ ከዚያ ዳዶዎቹን በሰያፍ ተራ አጥብቁ። ሮንዴላ ያልገባበት ዳዶ ዋንዛን ይሰረስራል፣ በየወሩም ይላላል።

የክፈፍ ቦዮቹን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና ሰም እሹባቸው። ዘይት አይሁን፤ አቧራ ይይዛል፣ ድሩንም ያቆሽሻል። ገመዶቹን ከማሰራችሁ በፊት ባልዲ ውሃ አንጠልጥላችሁ ሌሊቱን አሳድሯቸው፤ የሚለጠጠው ይለጠጥና ያበቃል። ክፈፎቹ ሲያርፉ የሄድሎቹ ዓይን ከፊትና ከኋላ ምሰሶ መስመር 1 ሴ.ሜ. ያህል ዝቅ ይበል፤ እኩል ከሆነ ወይም ከፍ ካለ ያልተነሳው ድር ይንሳፈፋል።

ድር ስትጠቀልሉ በየዙሩ ካኪ ወረቀት አስገቡ። ያለዚያ የላይኛው ክር ወደ ታችኛው ንብርብር ይሰምጣል፤ ሜትር ያህል ከተሸመነ በኋላም ግማሹ ድር ላላ፣ ግማሹ ጥብቅ ይሆናል። ርዝመቱን ስታሰሉ፣ ለሁለት ባለ 1.8 ሜትር ስካርፍ 3.6 ሜትር፣ ለመሰብሰቢያ አሥር በመቶ፣ ለማይሸመነው ጫፍ 70 ሴ.ሜ. ስትደምሩ 4.7 ሜትር ያህል ነው። በ320 ክር ሲባዛ ከ1,500 ሜትር በላይ ፈትል ይሆናል።

ለአናጢው ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉ ድር መዘርጋት አያስፈልግም። ከግራ 20፣ ከመሐል 20፣ ከቀኝ 20 ክር አስገብታችሁ ወጥሩ። እያንዳንዱን ክፈፍ ለየብቻ አንሱና ማበጠሪያው ፊት ያለውን አፍ በማስመሪያ ለኩ፤ በሦስቱም ቦታ እኩልና ቢያንስ 4 ሴ.ሜ. መሆን አለበት። ከዚያ እንደተወጠረ አሳድሩት። ጠዋት መዳፋችሁን ድሩ ላይ አሳርፉ፤ ከማታው ከላላ ወይ ምላሱ ጥርሱን በደንብ አልያዘም፣ ወይ ጎማው መጠቅለያው ላይ እየዞረ ነው። ጎማውን በኮላ ሳይሆን መጠቅለያውን ከዳር እስከ ዳር በሚበሳ 6 ሚ.ሜ. ቡሎን እንዲያስረው ጠይቁት።